ቁጭ ብሎ ሊሾ ማውጣት

ኮምቦልቻ ውስጥ አዲስ መጋዘን ሲመረቅ ሰው ቀና ብሎ ጣሪያ ያያል። ስፋቱን ያደንቃል፣ ብረቱን ይገምታል። እኔ አቀርቅሬ ወለል ነው የማየው። የሥራ በሽታ ነው። ብዙ ዓመት ኮንክሪት ላይ የቆመ ሰው ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ ዓይኑ የሚያርፈው ሊሾው ላይ ነው። ስንጥቁን በጫማው ጫፍ ይዳስሳል። ማን እንደሠራው ለመጠየቅ ምላሱን ይበላዋል። ባለቤቴ በዚህ ነገር ተስፋ ቆርጣለች።

የዛሬው ወሬዬ ስለ አንድ ማሽን ነው። ሰው ተቀምጦበት የኮንክሪት ወለል የሚያለሰልስ፣ በሃይድሮሊክ የሚሾፈር ማሽን። እኛ ሳይት የሚገፋውንም የሚጋለበውንም በአንድ ላይ «ሄሊኮፕተር» ነው የምንለው። የማያውቅ ሰው «ዛሬ ሄሊኮፕተር ይመጣል» ሲባል ሰምቶ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። የሚመጣው ግን በአይሱዙ ተጭኖ ነው።

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ሊሾ የጉልበት ሥራ ነበር። ቃል በቃል የጉልበት። ሠራተኞቹ ጣውላ አነጥፈው ይንበረከካሉ። ጉልበታቸው ላይ የሲሚንቶ ከረጢት አጣጥፈው ያስራሉ። በአንድ እጅ ተደግፈው በሌላው እጅ ብረቱን በግማሽ ክብ ያመላልሱታል። ከዚያ ጣውላውን ወደ ኋላ ይስቡና እንደገና ይጀምራሉ። እርጥብ ሲሚንቶ ደግሞ ዝም ብሎ ጭቃ አይደለም፤ ቆዳ ይበላል። የድሮ ሊሾ ሠሪ ጉልበቱን ገልጦ ቢያሳያችሁ የተቃጠለ ሰው ነው የሚመስለው። ለመኖሪያ ቤት ሳሎን ይህ ሁሉ ይቻላል። አራት በአምስት ክፍል ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

ኮምቦልቻ ግን ሳሎን መሥራት ካቆመች ቆየች። የጨርቃ ጨርቁ፣ የቢራው፣ የብረታ ብረቱ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት። ደረቅ ወደብ አላት። የአዋሽ ወልድያ የባቡር መስመር ያልፍባታል። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ በመጀመሪያው ምዕራፍ 75 ሄክታር ላይ ያረፈው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። እንዲህ ያለ ቦታ የሚሠራ ሼድ ወለሉ በሺህ ካሬ ነው የሚለካው። ፎርክሊፍት ይሄድበታል። ማሽን በቦልት ይታሰርበታል። አንድ ቦታ ጎድጎድ፣ አንድ ቦታ ጎበጥ ካለ ዕቃ የተሸከመው ፎርክሊፍት ከላይ ይወዛወዛል። መደርደሪያው ከፍ ባለ ቁጥር ታች ያለችው ጥቂት ሚሊ ሜትር ላይ ስትደርስ ብዙ ሴንቲ ትሆናለች። በጉልበት ተንበርክኮ እንዲህ ያለ ወለል ማውጣት አይቻልም አልልም። በአንድ ቀን የተሞላውን ኮንክሪት በዚያው ቀን ጨርሶ መውጣት ግን አይቻልም። ኮንክሪት ደግሞ ለነገ አይልም።

አሁን ወደ ማሽኑ። ይህን ነገር መጀመሪያ ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ጎማው የት አለ?» የለውም። መሬት የሚነካው በምላጮቹ ብቻ ነው። ሁለት የሚሽከረከሩ ዘንጎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ላይ አራት ወይም አምስት የብረት ምላጭ ይታሰራል። አንዱ ወደ ቀኝ ሲዞር ሌላው ወደ ግራ ይዞራል። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ቢዞሩ ኖሮ ማሽኑ ከነሰውዬው እንደ እንዝርት ይሾር ነበር። ኦፕሬተሩ መሃል ላይ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በእግሩ ነዳጅ ይሰጣል። ከሚጋለቡት ትንሹ 300 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ትልቁ ከአንድ ቶን ያልፋል።

ታዲያ ጎማ ሳይኖረው በምን ይሄዳል? የሚሽከረከር ነገር ሁልጊዜ አንዱ ጎኑ ወደ ፊት ሲሄድ ሌላው ጎኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ሁለቱ ጎኖች እኩል ስለሚጫኑ ማሽኑ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ዘንጉን ትንሽ ስታዘነብለው ግን አንደኛው ጎን ይበልጥ መሬቱን ይይዛል። ወደ ኋላ የሚሄደው ጎን ከተጫነ፣ ወለሉን ወደ ኋላ እየገፋ ማሽኑን ወደ ፊት ይልከዋል። ሌላኛው ጎን ከተጫነ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አንዱን ዘንግ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ብታደርግ ባለበት ይዞራል። ቀኙን እጀታ ወደ ጎን ብትል ደግሞ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሙሉ መሪው ይኸው ነው፤ ማዘንበል። መጀመሪያ የገባኝ ጊዜ ለሁለት ቀን ያህል ላገኘሁት ሁሉ ሳስረዳ ነው የዋልኩት። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሳትቀር ሰምታኛለች።

ችግሩ ያ ማዘንበል ማንን ያደክማል የሚለው ላይ ነው። በተራው ማሽን እጀታው ከዘንጉ ጋር የተያያዘው በብረት ነው። አንተ ትገፋለህ፣ ብረቱ ብረቱን ይገፋል፣ ዘንጉ ይዘነብላል። ወለሉ የሚመልሰው ነገር ሁሉ በዚያው ብረት ተመልሶ እጅህ ላይ ይመጣል። በየሴኮንዱ ታስተካክላለህ። አንድ ግዙፍ ወጣት አውቃለሁ፤ ባሬላ ለብቻው ቢሰጡት የሚያነሳ ዓይነት። ሌሊቱን በዚህ ማሽን ሠርቶ ንጋት ላይ ሲኒ ሲይዝ ቡናው ጣቱ ላይ ይደፋ ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል። ሲኒውን መሬት አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ ነበር ፉት የሚለው። እኛም እንስቅ ነበር፤ እሱም ይስቅ ነበር።

በሃይድሮሊኩ ላይ ይህ ቀረ። ፓምፑ ዘይቱን በግፊት ይልካል። ጆይስቲኩ፣ ማለትም አጭሩ የእጅ መሪ፣ የዘይቱን መተላለፊያ ቫልቭ ይከፍታል። ዘንጉን የሚያዘነብለው ሲሊንደሩ ነው። ደህና አድርጎ የተሠራው ላይ ጥቂት ብትነካው ጥቂት፣ አጥብቀህ ብትነካው አጥብቆ ያዘነብላል። የሚፈልገው ጣት ነው፤ ክንድ አይፈልግም። ነገሩ የመጣው አሜሪካ ውስጥ በየደረጃው ነው። ዘንጎቹን በማዘንበል የሚሾፈረው ባለሁለት ዘንግ የሚጋለብ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1977 ሆልዝ በሚባል ሰው ስም ፓተንት ተሰጠው። በጆይስቲክ የሚታዘዘው የኤሌክትሮ ሃይድሮሊክ መሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 የአርካንሳሱ አለን ኢንጂነሪንግ ፓተንት ያወጣበት ነው። ወደ እኛ ሰፈር እስኪደርስ ጊዜውን ወስዷል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን የሐረጎ ዳገት ለመውጣት መኪናውም ጊዜውን ይወስዳል።

እንግዲህ ክንድ አረፈ። ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ክንድ ሲያርፍ አብሮ የሄደው ነገር ነው።

ሊሾ ዋናው ሥራው መጠበቅ ነው። ኮንክሪቱ ተሞልቶ፣ በቫይብሬተር ተነዝሮ፣ በቱቦላሬ፣ ማለትም ቀጥ ባለ የብረት ቱቦ፣ ተስቦ ከተስተካከለ በኋላ ውሃ ይተፋል። ጠጠሩና አሸዋው ወደ ታች ሲረጋ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል። ፊቱ ያብረቀርቃል። ይህ ብርሃን እስኪጠፋ ማንም መንካት የለበትም። ብርሃኑ ጠፍቶ ፊቱ ደብዘዝ ሲል ካቦው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ተነስቶ ይሄዳል። በጫማው ዳሩ ላይ ይቆማል። እግሩን ያነሳና ምልክቱን ጎንበስ ብሎ ያያል። ምልክቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ከገባ የሚገፋው ትንሹ ማሽን ሊወጣበት ይችላል። ለሚጋለበው ግን ወደ 3 ሚሊ እስኪወርድ ቢጠበቅ ይሻላል፤ ክብደት ነዋ። መጀመሪያ ክቡ ሳህን ከምላጮቹ ሥር ይታሰርና ፊቱን ይዘጋል፤ ሲሚንቶውን ወደ ላይ ያመጣል። ከዚያ ሳህኑ ይወልቃል። ምላጩ መጀመሪያ ጠፍጣፋ፣ ቀጥሎ ጥቂት ቀና፣ ኮንክሪቱ እየጠነከረ ሲሄድ ደግሞ ይበልጥ ቀና እየተደረገ ይመላለሳል። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን አቋርጦ ነው የሚሄደው። መጨረሻው ላይ ድምፁ ይለወጣል። የሚያጓራው ነገር ማፏጨት ይጀምራል። ወለሉም ጠቆር ብሎ ያበራል።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ይህ መጠበቅ እንደ ከተማው ይለያያል። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የከፍታ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር። አንዱ ቦታ የሠራ ሰው ሌላው ቦታ ሰዓቱን ይስታል። ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የተሞላ ኮንክሪት ጉሙ ወርዶ ሌሊቱ እስኪገፋ ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ የሚጠነክርበት ጊዜ በግምት እጥፍ ይሆናል። ሲሚንቶው ፖዞላና የተቀላቀለበት ፒፒሲ ከሆነ ደግሞ ከተራው፣ ከኦፒሲው፣ ይዘገያል። ሲሚንቶ በጠፋበት ጊዜ ያገኘነውን ነው የምናስገባው፤ ስለዚህ ትናንት የሠራው ሰዓት ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ተቃራኒው ነው። ፀሐይና ንፋስ ፊቱን ቶሎ ያደርቁታል፤ ውስጡ ገና ነው። ያየ ሰው «ደርሷል» ይላል። አልደረሰም።

አሁን የሚቀጥለውን ስሙኝ። በብረት እጀታው ዘመን ኦፕሬተሩ ቀድሞ ከወጣ ማሽኑ ራሱ ይነግረው ነበር። ምላጩ ይሰምጥና እጀታው ይከብዳል። ክንዱ ይጮህበታል። ተመልሶ ይወጣል። ኮንክሪቱ አንዱ ጥግ ጠንክሮ ሌላው ጥግ ለስልሶ ከሆነም በእጁ ያውቀዋል፤ አንዱ ጋ ይንሸራተታል፣ ሌላው ጋ ይይዛል። ሃይድሮሊኩ ግን ለሁሉም እሺ ነው። የከበደውንም የቀለለውንም ዘይቱ ይሸከመዋል፤ ጣት ምንም አይሰማውም። ወጣቱ ኦፕሬተር ወንበሩ ላይ ተመችቶት፣ መብራቱን አብርቶ፣ ስልኩ ላይ መንዙማ ከፍቶ እየሄደ ነው። ከሥሩ ያለው ነገር ገና እንደሆነ የሚነግረው የለም።

ቀድሞ የተዘጋ ወለል ደግሞ አይምርም። ውሃው ገና ወደ ላይ እየመጣ ሳለ ፊቱን በብረት ጥርቅም አድርገህ ብትዘጋው መውጫ ያጣል። ከቆዳው ሥር ይጠራቀማል። መጀመሪያ ትንንሽ እብጠት ይታያል። ከወራት በኋላ ፎርክሊፍቱ ሲመላለስበት ይላጣል። በመዶሻ መታ መታ ብታደርገው ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ከተማው ዳር የአንድ መጋዘን ወለል እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ፤ ኮንትራክተሩን አልጠራም። ሰዎቹ ቸኩለዋል። ውሃው አልጠፋ ሲላቸው ደረቅ ሲሚንቶ በአካፋ በትነውበት፣ ውሃውን በሲሚንቶው መጥጠው፣ ወዲያው ማሽን አወጡበት። ቆንጆ ሊሾ ወጣ። መስታወት ነው ብለው ፎቶ ተነሱበት። ዓመት ሳይሞላው ወለሉ ዱቄት መትፋት ጀመረ። ጠዋት ጠርገውት ከሰዓት ጫማ ነጭ ይሆናል። የተከማቸው ጨርቅ ሁሉ አቧራ ለበሰ። ማሽኑ ውድና ዘመናዊ ነበር። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም።

ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ካቦ የሚያደርጉትን እወደዋለሁ። ማሽኑ ገና ከመኪና ሲወርድ ቁልፉን ከልጁ ይቀበሉና ኪሳቸው ይከቱታል። ልጁ በየአሥር ደቂቃው ይመጣል። «ጋሼ፣ አሁንስ?» ይላል። «አብሽር፣ የኔ ልጅ፣ ገና ነው» ይሉታል። ሄደው በጫማቸው ይረግጣሉ፤ ይመለሳሉ። «አንቱ ደግሞ፣ ሊነጋ እኮ ነው!» ሲላቸው «ይንጋ» ነው መልሳቸው። ቁልፉን የሚሰጡት ራሳቸው ሲያምኑበት ነው። አንዳንድ ወጣት መሐንዲሶች ይህን እንደ ድርቅና ያዩታል። እኔ አላይም። ከዘይቱ የጠፋው ስሜት እሳቸው ጫማ ሥር ነው ያለው።

ከፍታን ካነሳሁ አይቀር ሞተሩም ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አየር በግፊት የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ካታሎጉ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ባሕር ጠለል ላይ ነው። ኮምቦልቻ ሲደርስ ወደ 18 በመቶ፣ ደሴ ሲወጣ ሩብ ያህሉ የለም። የሃይድሮሊኩ ፓምፕም ከዚሁ ሞተር ነው የሚበላው። ደሴ ላይ በትልቁ ሳህን ሲሠራ ሞተሩ ሲያቃስት ሰዎች «ነዳጁ ተበርዟል» ይላሉ። አንዳንዴ ተበርዞም ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን አየሩ ነው።

ሌላው የሌሊቱ ነገር ነው። ሥራው ብዙ ጊዜ ሌሊት ላይ ይወድቃል። ብርዱን ለመከላከል የሼዱን በር ይዘጋሉ፤ ክፍተቱን በሸራ ይጋርዳሉ። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር በተዘጋ ቤት ሲሠራ የሚወጣው ጭስ ሰው ይገድላል። ሽታ የሌለው ጋዝ አለበት። ራስ ምታቱን «ብርድ መታኝ» ብለው ያልፉታል። በር ይከፈት፤ ሰው ቡልኮ ይደርብ።

ዘይቱም የራሱ ጣጣ አለው። የብረት እጀታው ቢላላ በመፍቻ ታጠብቀዋለህ። የሃይድሮሊክ ሆዝ ሲቀደድ ግን ዘይቱ የሚፈሰው የት ነው? እዚያው ትኩሱ ወለል ላይ ነው። የጠጣውን ዘይት ማስለቀቅ አይቻልም ማለት ይቀላል። ሆዙን በልኩ የሚያስርልህ ካላገኘህ ደግሞ ለአንዲት የጎማ ቀለበት አዲስ አበባ ድረስ ወደ 380 ኪሎ ሜትር ልትልክ ነው፤ ኮንክሪቱ በዚህ መሃል አይጠብቅህም። በዚህ ምክንያት ሃይድሮሊኩ ባለበት ሳይት ሁሉ የሚገፋ ትንሽ ማሽን በተጠንቀቅ እንዲቆም እጠይቃለሁ። ባለቤቶቹ ኪራዩ ይበዛብናል ይላሉ። ይብዛ።

ለትንሽ ሥራ ግን አትድከሙ። ሱቅ፣ መኖሪያ ቤት፣ ሁለት መቶ ካሬ የማትሞላ ጋራዥ ከሆነ በእጅ የሚገፋው ይበቃል፤ ይተርፋልም። የሚጋለበው ለመዞር ራሱ ሜዳ ይፈልጋል። አንዳንድ ሰው ሃይድሮሊኩን የሚያመጣው ሰፈሩ እንዲያይለት ነው።

ማሽኑ ከወረደ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይዘለዋል። ወለሉ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣል። መቁረጫው በጊዜ ይገባል፤ 15 ሴንቲ ውፍረት ላለው ወለል ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ያህል። ካልተቆረጠ ራሱ በፈለገበት ይሰነጠቃል።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ትንሽ ወጣ ልበል። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ኮምቦልቻ ውስጥ ብዙ ፋብሪካ ተዘርፏል። በኋላ አንድ ሼድ ገብቼ አይቻለሁ። ማሽኑ ተነቅሎ ሄዷል፤ ሽቦው ሳይቀር ተስቧል። የቀሩት ከወለሉ ብቅ ያሉ ቦልቶች ነበሩ። ወለሉ ግን ንጹህ ነው። አብሮኝ የነበረው ሰው «ይህን ደግሞ መጫን አቃታቸው» አለ። መሳቅ ባይገባንም ሳቅን።

የማሽኑ መምጣት ተንበርካኪዎቹን ከሥራ አስወጣቸው ወይ? ሙሉ በሙሉ አላስወጣቸውም። ምሰሶ ሥር፣ ግድግዳ ዳር፣ በር አፍ፣ የውሃ መውረጃው ዙሪያ የሚጋለበው አይደርስም። እዚያ አሁንም ጣውላ ይነጠፋል፤ ጉልበት ይታሰራል። እንዲያውም ሥራው ከበደ። ድሮ የራሳቸውን ሰዓት ጠብቀው ይሠሩ ነበር፤ አሁን መሃሉ በፍጥነት ስለሚያልቅ ዳሩም እኩል እንዲደርስ ይሯሯጣሉ። ማሽኑ የጨረሰውና እጅ የጨረሰው የሚገናኙበትን መስመር ያለ ጠባሳ ማጥፋት ደግሞ የሁሉም ሰው እጅ አይደለም። እኔ የማየው መጀመሪያ እሱን ነው። ወለል ላይ ያቀረቀርኩ ጊዜ ሁሉ።

ክፍያው ግን አልተለወጠም። አሁንም በካሬ ሜትር ነው የሚታሰበው። በካሬ ሲታሰብ የመሃሉ ስፋት የባለማሽኑ ይሆንና ለዳር ሠራተኛው የምትደርሰው ቀጭን ናት። 20 በ50 ሜትር የሆነ ሼድ አንድ ሺህ ካሬ ነው። ዳሩ ግን 140 ሜትር ነው፤ ምሰሶዎቹን ሳንቆጥር። ስፋቱን 30 ሴንቲ ብለን ብንይዘው ከአንድ ሺው ውስጥ 42 ካሬ ብቻ ይሆናል። ለ42 ካሬ ሌሊቱን ሙሉ የሚንበረከክ ሰው ያኮርፋል፤ ልክም ነው። ባለፈው «በሜትር ርዝመት ይታሰብልን» ብለው ሲጠይቁ ኮንትራክተሩ «እንዲህ ያለ ልማድ የለም» አላቸው። ልማዱ የተሠራው ሄሊኮፕተሩ ከመምጣቱ በፊት ነው። እኔ በማዘጋጀው የዋጋ ዝርዝር ላይ ከአሁን በኋላ ሁለት መስመር ነው የሚገባው፦ መሃሉ በካሬ፣ ዳሩ በሜትር።